የፊልድ መኪና ፍለጋ

ሌላው ዓለም በናፍጣ ነድቶ ነድቶ ሲበቃው ነው ወደ ኤሌክትሪክ የዞረው። እኛ ቤት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ። ያለችን መኪና በባትሪ የምትሄድ ስትሆን፣ ሁለተኛ ብዬ ፍለጋ የወጣሁት ናፍጣ የሚጠጣ፣ የሚያጓራ፣ በዕድሜም ልጆቼን የሚበልጥ መኪና ነው።

በባትሪዋ ቅሬታ ኖሮኝ አይደለም። ከአያት ሜክሲኮ ኮሽ ሳትል ታደርሰኛለች፤ ማደያ ተሰልፈው የሚያድሩትን በአዘኔታ እያየሁ አልፋለሁ። ስክሪኗ ከቻይንኛ ሌላ አለማወቁንም ለምደነዋል። አንዲት ሴት ከውስጥ በቁጣ ስትናገር ልጆቼ «በር ነው»፣ «አይ ቀበቶ ነው» ተባብለው ይስማሙና የተስማሙበትን እንፈጽማለን፤ ካልተረጋጋች ሌላ እንሞክራለን። ችግሩ መስቀል ነው።

አዲስ አበባ የሚኖር ጉራጌ ዓመቱን ሙሉ የትም ቢውል መስቀልን አገር ቤት ይውላል። እስከ ወልቂጤ ያለው 150 ኪሎ ሜትር ግድም አስፋልት ስለሆነ፣ ባትሪውን የሞላ ሰው ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶን አልፎ በሰላም ይገባል። ከወልቂጤ ወደ እምድብር፣ ከእምድብር ደግሞ ወደ መንደራችን የሚወስደው መንገድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በመስከረም አጋማሽ ክረምቱ ሄደ ይባላል እንጂ ጭቃውን ይዞ አልሄደም። ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር የማይርቅ መኪና እዚያ ብትገባ የሚያወጣት በሬ ነው፤ በሬው ደግሞ በዚያ ሳምንት ሌላ ቀጠሮ አለው። ብትደርስስ? ከግድግዳ ሶኬት ባትሪዋን ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ ያስፈልጋታል፤ መብራቱም በዓል ማክበር የሚወደው ከእኛ ተለይቶ ነው።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ በስልክ ሳስረዳ ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ፣ «እና የኔ ልጅ፣ ይቺ ሬዲዮህ እዚህ አትደርስም ማለት ነው?» አሉኝ። አጎቴ ከነዚያ በ1950ዎቹ ከየኪሳቸው አዋጥተው ለአገራቸው መንገድ ካስወጡት ሰዎች ወገን ናቸው። እነሱ መንገዱን ያለ መኪና አወጡ፤ እኔ መኪና ይዤ በመንገዱ መሄድ አቃተኝ።

ባለቤቴ የሒሳብ ሰው ናት። «በዓመት አንዴ ለሚኬድበት መንገድ ኮንትራት ይያዛል እንጂ መኪና አይገዛም» ብላ ዘጋችው። ሰርጉን፣ ለቅሶውን፣ የጤፉን ኩንታል፣ የሲሚንቶውን ከረጢት ብደረድር ፍንክች አላለችም። ያሸነፍኩት በክርክር ሳይሆን በቆጮ ነው። ከአገር ቤት የተላከልንን ቆጮ በኮባ እንደተጠቀለለ በባትሪዋ መኪና ጭኜ መጣሁ። መንገድ ላይ ጥቂት ውሃ አንጠባጠበና ምንጣፉ ስር ገባ። ታጠበ፣ በሎሚ ታሸ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ሽታው ግን እዚያው ቤቱን ሠራ። አንድ ጠዋት ባለቤቴ አለቃዋን ጭና ስትሄድ እሳቸው ምንም ሳይናገሩ መስኮቱን አወረዱ፤ በዚያ ብርድ! ማታ ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «እሺ፣ ይገዛ። ግን ለቤት የሚጠቅም ይሁን» አለችኝ።

ገበያ ወጣሁ። በጥር 2016 መንግሥት ነዳጅ የሚጠጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለክል፣ አገር ውስጥ የነበረው ናፍጣ ሁሉ ከመኪናነት ወደ ርስትነት ተሸጋግሯል። ከዚያም በፊት በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስመጣትን የሚያስመርር አድርጎት ነበር። ሌላ አገር መኪና ሲያረጅ ይረክሳል አሉ። እዚህ ሲያረጅ ይከበራል፤ ሻጩም ስለ መኪናው ሲያወራ «እሱ» ይልና ትንሽ ቆይቶ «እሳቸው» ሊል ምንም አይቀረው።

ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጥ የናፍጣ መኪና ሁሉ የተነዳው በዶክተር ነው። ይህን ሁሉ ባለ ናፍጣ ዶክተር ይዘን ካርድ ለማውጣት ከሌሊት ለምን እንደምንሰለፍ አይገባኝም። ዶክተር ካልሆነ ጡረታ የወጡ ኮሎኔል፣ እሳቸውም ካልሆኑ እሁድ እሁድ ብቻ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበት እናት ናቸው። አንዱ ደላላ «ወንድማለም፣ ይቺን ያያት ሁሉ ይወዳታል» ብሎ ያሳየኝ የእናትየው መኪና ነበር። ቆጣሪው ገና 140,000 ኪሎ ሜትር ይላል። የፍሬኑ መርገጫ ላስቲክ ግን አልቆ ብረቱ ያብረቀርቃል፤ መሪውም ተልጧል። ሴትየዋ እሁድን በጣም ይረግጡት ነበር ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ነው መካኒክ ይዤ መዞር የጀመርኩት። የቤተሰባችንን መኪና ድሮ ቤንዚን በነበርንበት ዘመን የሚጠግኑልን፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ከመኪናው በፊት እኔን ጠየቁኝ፦ «የት ልትሄድበት ነው?» ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ምርጫውን ሁሉ በዚያ መንገድ መመዘን ጀመሩ።

የ90ዎቹ ፕራዶ አማረኝ። ሦስት ሊትር፣ ባለ ተርቦ፣ ወንበሩ ሶፋ። ጋሼ ኮፈኑን ከፍተው አዩና ዘጉት። «ሞተሩ ጥሩ ነው። ቴስታታው ግን አሉሚኒየም ነው፤ አንድ ቀን ውሃ አንሶት ከጋለ ይሰነጠቃል። ይሄ ጋሎ ያውቃል አያውቅም የሚነግርህ ሻጩ ነው። ሻጩን ታምነዋለህ?» ሻጩ አጠገባችን ቆሟል። ቀጥሎ የመጣውን ዲ-ፎር-ዲ ፕራዶ ነድቼው ልቤ ቀለጠ፤ ዳገቱን ሳያስበው ይወጣዋል። ጋሼ ግን፣ «ይሄ ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ ጨምቆ ነው የሚረጨው። ውሃ የገባበት የበርሜል ናፍጣ ቀድተህለት ኢንጀክተሩ ሲያኮርፍ በኮምፒውተር ነው የምትለምነው። እምድብር ገበያው ጀርባ ያለው ልጅ ኮምፒውተር አለው?» አሉ። የለውም መሰለኝ። ፓጄሮውም ፓትሮሉም በዚሁ ልጅ ፈተና ወደቁ። ልጁን አይቼው አላውቅም፤ በቤታችን ጉዳይ ግን ድምፅ በድምፅ የመሻር ሥልጣን ነበረው።

የቀረው ሃርድቶፑ ነው። ላንድክሩዘር፣ ባለ ረጅሙ፣ ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ አግዳሚ ወንበሮች ያሉት፣ ድሮ የእርዳታ ድርጅቶች የሚጓዙበት ነጩ መኪና። ሞተሩ ዋን-ኤች-ዜድ ነው፦ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ፒስተን፣ ተርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። በፈረንጅ 1990 ወጥቶ እስካሁን ያልሞተ ሞተር። መፍቻና ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ ይጠግነዋል፤ ሶማሌ ተራ ሄዶ ዕቃውን ያጣም የለም። ጋሼ የሚያስጠነቅቁት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላው የታይሚንግ ቺንጋውን ያልቀየረለት ሰው ሞተሩን ቀብሮ ይመለሳል።

የመጀመሪያውን ሃርድቶፕ ልናይ ደላላው «ጠዋት 3 ሰዓት» ሲለን ጋሼ «12 ሰዓት» አሉ። የናፍጣ ሞተር እውነቱን የሚናገረው ሲበርደው ነው። ሻጩ በፒጃማ ወጣ። ጋሼ ሰላም ከማለታቸው በፊት መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ።

«ሞቋል።»

«ፀሐይ ነው» አለ ሻጩ።

ፀሐይ ገና አልወጣችም ነበር። ደህና ዋል ሳንባባል ተመለስን።

ሁለተኛውን ያገኘነው ኮተቤ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ኮፈኑ ውርጭ የመሰለ ጤዛ ይዟል። ጋሼ ደስ አላቸው። ቁልፉ ሲዞር ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ተንጎራጉሮ ተነሣ። ነጭ ጭስ ለቀቀ፣ ቆየና ጠራ። ሰማያዊ ቢሆን ዘይት እየበላ ነው፤ ነጩም ሳይጠራ ቢቀር ወይ ውሃ ነው ወይ ያልነደደ ናፍጣ። ጥቁሩ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ አያስደነግጥም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ስለሆነች አየሯ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚረጭለት ናፍጣ ሳይቀነስ አየሩ ያንስበታል፤ እንጦጦን ሲወጣ የሚያጠቁረው ታሞ ሳይሆን ትንፋሽ አጥሮት ነው። እኔም ያንን ዳገት ስወጣ ፊቴ ይጠቁራል፣ ማንም ግን ዋጋ ቀንስ አላለኝም።

ሞተሩ እየሠራ ጋሼ የዘይቱን ክዳን ፈቱና ገልብጠው ከአፉ ላይ አስቀመጡት። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ደላላው፣ ሻጩ፣ የሻጩ ዘበኛና እኔ በዚያ ክዳን ላይ አፈጠጥን። ክዳኑ ተነሥቶ ከዘለለ ፋሻው አልቋል፤ የሚያዘልለው በፒስተኑ ጎን እያመለጠ የሚወጣው ጋዝ ነው። ክዳኑ ተንቀጠቀጠ። ትንሽ ዞር አለ። ቦታው ላይ ቀረ። ደላላው ጮክ ብሎ «ተመስገን!» አለ፤ እንዲህ ከልቡ ከሆነ ከዚህ በፊት የዘለለበት መሆን አለበት።

ከዚያ ከስር ገቡ። ባሊስትራውን፣ ዲፍረንሻሉን፣ ሻንሲው ላይ ብየዳ መኖር አለመኖሩን አዩ። ማግኔት አውጥተው በጎኖቹ ላይ አስኬዱ፤ አንድ በር ላይ አልይዝ ሲል «ስቱኮ» ብለው ለዋጋው ድርድር ያዙት። የፎር ባይ ፎሩን ማርሽ አስገብተው ከግቢው ጭቃ ወጡና ገቡ። ቀጥሎ ያደረጉት ግን ገረመኝ። የኋላው አግዳሚ ላይ ሄደው ተቀመጡ፤ ተነሡ፤ በሌላው በኩል ደግመው ተቀመጡና ሻጩን ዙሪያውን አስነዱት። ወርደው ከፊት ገቡ፤ መስኮቱን አወረዱ፣ አወጡ፣ ክንዳቸውን አስደገፉበት።

«ጋሼ፣ ይሄ የምን ምርመራ ነው?»

«ሁሉም መታየት አለበት» አሉኝ።

ወረቀቱን ባለቤቴ ያዘችው። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር በስልኳ መብራት አመሳከረች። መኪናው በጨረታ ከመሸጡ በፊት በቀረጥ ነፃ የገባ ስለነበር ቀረጡ የተከፈለበትን ማስረጃ አስመጣች፤ የባንክ ዕዳና ዕገዳ እንደሌለበትም ሳታጣራ ብር አልቆጠረችም። ደላላው ጋሼን «አባቴ» ሲል የነበረው እሷን «እመቤቴ» ማለት ጀመረ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም። አጎቴ ማንበብ ባይችሉም የሚያነብላቸው ሞልቷል።

ቤት ከገባ ወዲህ የባለቤቴ «ለቤት የሚጠቅም» የሚለው ቃል የት ድረስ እንደሚሄድ ታየ። የእድራችን ዳኛ መኪናውን ዞር ዞር ብለው አዩና ድንኳኑና አግዳሚዎቹ በስንት ምልልስ እንደሚያልቁ በዓይናቸው ለኩት። ጎረቤት የአጥር ቆርቆሮ አስጫነ። የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ ሚዜዎቹን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሙሽሮቹ በባትሪዋ ሄዱ። በሊትር ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ብናገርም ናፍጣ ቀጂ አልተገኘም። ለአጎቴ ደውዬ ሳበስር፣ «ጎሽ! ግን ጀፎረው ላይ እንዳታወጣው» አሉኝ። በየቤቱ ደጃፍ የተዘረጋው ሰፊው የሣር መንገዳችን በመስከረም ጎማ እንዲያርስባቸው ሽማግሌዎቹ አይፈልጉም። ስለዚህ ያን ሁሉ ባሊስትራና ፎር ባይ ፎር ገዝቼ ከጀፎረው ጠርዝ አቁሜ በእግሬ ልገባ ነው። ይሁን፤ ጠርዙ ድረስስ ማን ደረሰ?

የጋሼን ሒሳብ ልከፍል ጋራዥ ሄድኩ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አልቀበልም አሉ።

«ያን ሁሉ ጠዋት ተነሥተውልኝማ በነፃ አይሆንም።»

«ከአገር ልጅ ገንዘብ አይወሰድም» አሉና ከቱታቸው ደረት ኪስ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የስም ዝርዝር ነው፦ ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ አማታቸው፣ ወልቂጤ ላይ የምትሳፈር አንዲት እህት፣ ከግርጌ ደግሞ «አንድ ሙክት (ከጣሪያ)»። ሁሉም ወራጅ እምድብር። ገበያው ጀርባ ያለው ልጅ ለካ የወንድማቸው ልጅ ነው።

«የእርስዎን ስም አላየሁትም፣ ጋሼ።»

«እኔ ከፊት ነኝ፣ በመስኮቱ በኩል። ከኋላ ያቅለሸልሸኛል፤ አይተኸኝ የለ፣ ሞክሬዋለሁ።»