ተቀናቃኝ በሌለበት ምርጫ የምርጫ ቀን አስተባባሪ ሚና፦ የመስክ ጥናት

ስለ ምርጫ ብዙ ተጽፏል፤ ስላሸነፉት፣ ስለተሸነፉት፣ ስላጭበረበሩትና «ተጭበረበርን» ስላሉት። በምርጫው ዕለት ከማለዳ ጀምሮ ቴርሞስ ታቅፎ፣ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ፣ በሁለት ስልክ ስለሚያወራው ሰው ግን ምሁራኑ ዝም ብለዋል። ይህ ጥናት ክፍተቱን በመጠኑ ለመሙላት የተደረገ ነው። የጥናቱ ቦታ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጊዜው ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 5 ቀን 2024 ነው። አጥኚው ራሱ የዕጩው ጓደኛና የምርጫ ቀን አስተባባሪ ስለነበረ የመረጃው ጥራትም ሆነ የአጥኚው ገለልተኛነት አያጠራጥርም።

በዚያው ዕለት አሜሪካ ፕሬዚዳንት ትመርጥ ነበር። ጉዳዩ ከጥናታችን ጋር ስለማይገናኝ አልፈነዋል።

እኛን ያገባን ከድምፅ መስጫ ወረቀቱ መጨረሻ አካባቢ፣ የብዙ መራጭ ትዕግሥት የሚያልቅበት ቦታ ላይ የሰፈረ አንድ ስም ነው። ወዳጃችን የተወዳደረው ለአካባቢ አማካሪ ኮሚሽን ነበር። ኮሚሽኑ መሠረቱን ያገኘው ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1973 ለከተማዋ ካወጣው የራስ አስተዳደር ሕግ ነው። ዲሲ በ345 ትናንሽ ቀጣናዎች ተሸንሽናለች፤ እያንዳንዱ ቀጣና ወደ 2,000 የሚጠጋ ነዋሪ ይዞ አንድ ኮሚሽነር ይመርጣል። የሥራ ዘመኑ 2 ዓመት፣ ደመወዙ ምስጋና ነው፤ ምስጋናውም አልፎ አልፎ ነው። ኮሚሽነሮቹ ስለ ፓርኪንግ፣ ስለ ግንባታና ስለ መጠጥ ፈቃድ ተሰብስበው ይመክራሉ። የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ምክሩን የመቀበል ግዴታ የለባቸውም፤ «ትልቅ ክብደት» የመስጠት ግዴታ ግን በሕግ ተጥሎባቸዋል። በ9ኛው ጎዳናና በዩ ስትሪት አካባቢ ጥሬ ሥጋን ያለ ቢራ ማቅረብ እንደማይቻል የሚያውቅ ሁሉ የመጠጥ ፈቃድ የሚለው ቃል ለወገን ያለውን ክብደት ይረዳል።

ለዕጩነት የሚያስፈልገው 25 የድጋፍ ፊርማ ብቻ ነው። ወዳጃችን ከሚፈለገው በላይ በአንድ ቅዳሜ፣ በአንድ ክርስትና ላይ ሰበሰበ። ሲጣራ ፈራሚዎቹ በአመዛኙ የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ ነዋሪዎች፣ ማለትም የሌላ ግዛት ሰዎች ሆነው ተገኙ። ይህ የጥናቱ የመጀመሪያ ግኝት ነው፦ የአበሻ ዕጩ ድጋፍ ሁልጊዜ ከድንበር ማዶ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ተቀናቃኝ ነው። አልነበረም። በእነዚህ ቀጣናዎች ይህ ብርቅ አይደለም፤ በብዙዎቹ አንድ ዕጩ ብቻ ይቀርባል፤ አንድም ዕጩ ሳይገኝላቸው የሚቀሩም አሉ። ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ብቻውን የሚሮጥ ሯጭ አሰልጣኝ አያስፈልገውም። በተግባር የታየው ተቃራኒው ነው። ተቀናቃኝ ያለው ዕጩ የሚፈራውን ሰው ያውቀዋል፤ ተቀናቃኝ የሌለው ሁሉንም ይፈራል። በዚያ ላይ ከወዳጃችን ስም ሥር መራጩ የፈለገውን ሰው ስም የሚጽፍባት ባዶ መስመር ነበረች። ቅስቀሳው በሙሉ ያነጣጠረው በዚህች መስመር ላይ ነው። ግብረ ኃይል ተቋቋመ፤ የቫይበር ግሩፕ ተከፈተ፤ ከዚያም አንድ ሰው ተቀይሞ ሲወጣ ሁለተኛ ግሩፕ ተከፈተ።

የገንዘብ ምንጭን በተመለከተ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ለኮሚሽኑ የሚወዳደር ዕጩ ከአንድ ሰው ከ25 ዶላር በላይ መቀበል አይችልም። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች አንድ ትሪ ሳምቡሳ ስንት እንደሚያወጣ ያሰቡበት አይመስልም። ወቅቱ የጽጌ ጾም በመሆኑም ሳምቡሳው በምስርና በሥጋ ተከፍሎ ቀረበ፤ ዕለቱን ሙሉ የታየው ብቸኛው የጠነከረ የአመለካከት ልዩነት ይኸው ነበር።

ወደ ዋናው የመስክ ሥራ እንግባ። ጣቢያዎቹ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር በ7 ሰዓት ተከፍተው ምሽት በ8 ይዘጋሉ። አስተባባሪው ለበጎ ፈቃደኞች «በሰባት ሰዓት እንገናኝ» የሚል መልእክት አስተላለፈ። የበጎ ፈቃደኞቹ ግማሽ ጠዋት፣ ግማሹ ከምሳ በኋላ ደረሰ፤ ሁለቱም ወገኖች በሰዓቱ መድረሳቸውን አጥብቀው ተከራክረዋል። ከሕንፃው መግቢያ እስከ 50 ጫማ ድረስ መቀስቀስ ክልክል ነው። አንዱ በጎ ፈቃደኛ ርቀቱን በገዛ ጫማው ለካው። እግሩ ትልቅ ስለሆነ ከሕግ በላይ ርቀን ቆምን፤ በራሪ ወረቀቱም ባመዛኙ የደረሰው አውቶቡስ ለሚጠብቁ ሰዎች ነው።

እዚህ ላይ አንድ መዋቅራዊ ችግር ማንሳት ግድ ይላል። ዲሲ ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ የድምፅ መስጫ ወረቀት በፖስታ ትልካለች፤ በአካል መምረጥ የሚፈልግም ከተማው ውስጥ ባሻው ጣቢያ ይመርጣል። ስለዚህ እኛ በር ላይ ከሚያልፉት መራጮች የቀጣናችን ሰው የትኛው እንደሆነ የሚታወቅበት መንገድ የለም፤ የቀጣናችን ሰው ደግሞ ከሳምንት በፊት ሳሎኑ ተቀምጦ መርጦ ሊሆን ይችላል። አስተባባሪው የሚያስተባብረው ነገር እንደሌለ የተረዳው ረፋድ ላይ ነው። ሥራው የበዛበትም ከዚያ በኋላ ነው።

የበዛበት ምክንያት ይሉኝታ ነው። ወገኑን «ትመርጠዋለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ መልሱን አብሮ መስጠት ነውና ቃል የገባው ሕዝብ ከቀጣናው ነዋሪ ሊበልጥ ምንም አልቀረውም። አጥኚው ቃሎቹን በሦስት መድቧቸዋል። ከሁሉ የደመቀው «እንዴታ! የኛው ልጅ አይደል!» ነው፤ ትከሻ በመምታት ይታጀባል፤ ባለቤቱም ዘወትር ቨርጂኒያ ይኖራል። «እግዚአብሔር ካለ» የሚለው የቀጣናው ነዋሪ ነው፤ ግን አልተመዘገበም፤ በዕለቱም ተመዝግቦ መምረጥ እንደሚቻል ሲነገረው መኪናውን ደርቦ ማቆሙ ትዝ ይለዋል። «እኔ ፖለቲካ ውስጥ አልገባም» ብሎ ፊቱን ያዞረው ሰው ግን ፖስታው በደረሰው ማግሥት መርጦ የጨረሰ ነው። የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስቡ ድርጅቶች ይህን የመጨረሻ ምድብ ልብ ቢሉት ይጠቀማሉ።

አንዲት እናት ለብቻቸው መታየት አለባቸው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም በአካባቢ ምርጫ ድምፅ መስጠት ይችላል፤ ሥራ ላይ መዋል የጀመረውም በዚሁ በ2024 ነው። እማማ ግሪን ካርድ አላቸው።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ኋላ ዜግነት ስጠይቅ አያጣላኝም?»

«ጠበቃዎን ቢጠይቁ ይሻላል፣ እማማ።»

«ጠበቃዬማ አፉን በከፈተ ቁጥር ያስከፍለኛል። ይልቅ ጸሎት ላድርግለት።»

ጸሎት ከ25 ዶላሩ ጣሪያ በታች መሆን አለመሆኑን አስተባባሪው ለማጣራት አልደፈረም።

ከሰዓት በኋላ ዕጩው በየሩብ ሰዓቱ «እንዴት ነው?» እያለ ይደውል ጀመር። አስተባባሪው «በጣም ጥሩ ነው፣ አይዞህ» ይላል። ምኑ ጥሩ እንደሆነ ሁለቱም አልተጠያየቁም። የአጥኚው ድምዳሜ ይህ ነው፦ የምርጫ ቀን አስተባባሪ ለመራጭ ሳይሆን ለዕጩ የሚቀጠር የአይዞህ ሠራተኛ ነው፤ ሌላው ሥራ ሁሉ እሱን በእግሩ ለማቆም የተጨመረ ነው።

ወዳጃችን አሸነፈ። ሆኖም በውጤቱ ሰንጠረዥ ላይ ከስሙ ሥር በባዶዋ መስመር የተጻፉ ጥቂት ድምፆች ታዩ፤ ስም ሳይዘረዝር «በጽሑፍ የገቡ» ብሎ ጠቅልሏቸዋል። የደስታው እራት ወዲያው ወደ አጣሪ ኮሚቴ ተለወጠ። ከጥርጣሬ ነጻ የወጡት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ነዋሪዎች ናቸው፤ ለመክዳትም ቢሆን ሕጋዊ አቅም ስለሌላቸው። ይህ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ የሆነውን አስተባባሪ ይጨምራል። የአንድ ኪትፎ ቤት ባለቤት፣ የዕጩው የቀድሞ አከራይና ከግሩፑ ተቀይሞ የወጣው ሰው በየተራ ተነሡ፤ በየተራም ወደቁ። ኮሚቴው በመጨረሻ በቀጣናው ነዋሪነታቸው ወደማያጠራጥረው ሰው፣ ወደ ዕጩው ባለቤት ዞረ። እሳቸውም የድምፅ ምስጢራዊነት በሕግ የተጠበቀ መሆኑን አስታውሰው ቡናውን መቅዳት ቀጠሉ። መልሱ ከሦስቱ ምድቦች በየትኛውም ሊገባ ስላልቻለ አጥኚው አራተኛ ምድብ ከፍቷል።