ኮቱ ቢሮ ነው

ጥሩ ሥራ አስኪያጅ ቢሮው አይገኝም። ኮቱ ግን ይገኛል፤ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ባለጉዳይ ያስተናግዳል። ጸሐፊዋን የት ሄዱ ብትሏት «ስብሰባ ላይ ናቸው»። የት ነው ስብሰባው? «ስብሰባ ላይ ናቸው አልኩ እኮ!»

ለውጥ እንደሆነ አልጎደለብንም። ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ ተከተለ፣ አንድ ለአምስት ተደራጀን፤ ከጃፓን ካይዘን ሲገባ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ጭምር ተቋቋመለት። በካይዘን ወግ አለቃ ሥራው ወደሚሠራበት ቦታ ወርዶ በዓይኑ ያያል፣ ሠራተኛውን ይጠይቃል። የኛ ሰውዬ ሥልጠናውን ጨርሶ ሲመለስ ከአምስቱ የካይዘን «ማ»ዎች ማጣራትን አብልጦ ወደደ፤ መጀመሪያ የተጣራውም ጥያቄ የሚያበዛው ልጅ ሆነ። ማስቀመጥንም አልዘነጋም፤ ልጁን መዝገብ ቤት አስቀመጠው።

ፍትሐዊነቱን ግን አንካድ። ዕቅድ ሲሳካ «አመራሩ በሰጠው አቅጣጫ» ነው፤ ሲከሽፍ «በሠራተኛው የአመለካከት ችግር»። ማንም ድርሻውን አያጣም። በሩብ ዓመቱ ግምገማ ስለ ቡድን ሥራ ጥቅም ከጠዋት እስከ ምሳ ብቻውን ተናገረ። አንድም ሰው አላቋረጠውም፤ አበል የሚከፈለው ከሰዓት በኋላ ነበር።