ቅዳሜንም እሁድንም ማበላሸት ለሚፈልጉ ባለትዳሮች

ክረምቱ አልፎ መስከረም 26 መፀው ሲገባ የአዲስ አበባ ቆርቆሮ ቤቶች መልካቸው ይመሳሰላል። ኮርኒሱ ላይ ውሃ የተወው ቡናማ ክብ አለ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጥቁር ሻጋታ አለ፣ አሸንዳው በበሰበሰ ቅጠል ተደፍኗል፣ ፍራሹም ከሰኔ ወዲህ ፀሐይ አላየም። ለባልና ሚስት ከዚህ ወቅት ቅዳሜና እሁድ የተሻለ ቀን የለም ብዬ አምናለሁ። ሰማዩ ጠርቷል፣ ብርዱ ገና አልጠናም፣ ሥራውም ለአንድ ሰው የሚበዛ፣ ለሁለት ሰው ልክ የሆነ ነው። ይህን የመሰለ ቀን በገዛ እጃቸው የሚያበላሹ ጥንዶች ስለማይጠፉ ማበላሺያውን በዝርዝር አስቀምጣለሁ። ምክሩን አንድ በአንድ የፈጸመ ቤት አይጸዳለትም፣ እረፍት አያገኝም፣ ሰኞ ጠዋትም ተኮራርፎ ወደ ሥራ ይሄዳል።

ዓርብ ማታ ስለ ቅዳሜ አንድም ቃል አትነጋገሩ። ባል በልቡ ጣሪያውን ያስብ፣ ሚስትም በልቧ ምንጣፉን። ጠዋት እሷ ምንጣፉን አጥባ ግቢው ውስጥ ካሰጣችው በኋላ፣ መሰላል የሚቆምበት ሌላ ቦታ እንደሌለ ያን ጊዜ ይታወቃል። ተከትሎ የሚመጣው ጭቅጭቅ የምንጣፍ አይደለም፤ «መቼ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» እና «አንቺስ መቼ ነገርሽኝ?» ነው። ከእራት በኋላ ትንሽ ቢነጋገሩ ኖሮ ሁሉም ይቀር ነበር። መሰላሉ ከየት ይመጣል፣ ገበያ ማን ይሄዳል፣ ከሁሉም በላይ ውሃ የሚመጣው መቼ ነው?

የውሃ ፈረቃችሁ ሐሙስና እሁድ ከሆነ ሮቶውን ቅዳሜ ጠዋት ገልብጣችሁ እጠቡት። ክረምቱን ሙሉ ከሥሩ የተጠራቀመው ደለል ሲወጣ ማየት ደስ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ግን እጅ መታጠቢያም አይኖርም። አስተዋይ ቤተሰብ ፈረቃው ሊደርስ ሲል ሮቶውን እየተጠቀመ ያጎድላል፣ የቀረውን ውሃ ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት በባልዲ ይቀዳል፣ ባዶውን ፈግፍጎ አጥቦ አዲሱን ውሃ ይጠብቃል።

ጣሪያው ሰፋ ያለ ምክር ያስፈልገዋል፤ በአንድ ቅዳሜ ብዙ ጥፋት የሚሠራበት ቦታ ነውና። መጀመሪያ፣ ጠብታው ወለል ላይ ካረፈበት ቦታ ትክክል ወደ ላይ ወጥታችሁ እዚያው ካትራሜ ለድፉ። በቆርቆሮ ቀዳዳ የገባ ውሃ ባለበት አይንጠባጠብም፤ በእንጨቱ ላይ ተንሸራቶ ራቅ ብሎ ይወርዳል፤ ስለዚህ ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ ከጠብታው ከፍ ብሎ ይገኛል። ቀጥሎ ሚስማሩን የቆርቆሮው ጎድጓዳ ላይ ምቱት። ውሃ የሚወርደው በጎድጓዳው ስለሆነ የሚመጣው ክረምት ዝናብ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ላይ ያልፋል። ጎበዝ አናጢ ጉብታው ላይ የሚመታው ለዚህ ነው። ከሚስማሩ ራስ ሥር ያለችው ጎማ በፀሐይ ደርቃ ከተሰነጠቀች ደግሞ ሚስማሩን ደጋግሞ መምታት አያድንም፤ እሷው መለወጥ አለባት። ዝገቱን ሳትፍቁ፣ ጤዛውም ሳይደርቅ ካትራሜ ከቀባችሁበት ሰኔ ሳይደርስ ተላቆ ይወድቃል። አሸንዳውንም ሳትጠርጉ ውረዱ፤ የተደፈነ አሸንዳ ውሃውን መልሶ ወደ ግድግዳው ስለሚያፈሰው በሚቀጥለው ዓመት ሥራ አታጡም።

መሰላሉንም ማንም አይያዝ። የወጣው ብቻውን ይወዛወዝ፣ ሌላው ቤት ውስጥ የራሱን ሥራ ይሥራ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። መሰላል መያዝ ሥራ አይመስልም። ከታች ቆሞ ሁለቱን ቋሚዎች መጨበጥ፣ መዶሻ ማቀበል፣ «ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ» ማለት ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ግን አንዱ ክብደቱን ሁሉ በሌላው እጅ ላይ ጥሏል፣ ሌላውም ዓይኑን ከእሱ ላይ አያነሳም። በሳምንቱ ውስጥ እንዲህ የሚተያዩበት ሌላ ሰዓት ያላቸው ባልና ሚስት ስንት ናቸው? ጣሪያ የወንድ ነው ብሎ ነገርም የለም። ቆርቆሮ ክብደት አይወድም፤ ሚስት ቀለል የምትል ከሆነች እሷ ትውጣ፣ እሱ ይያዝ። ጎረቤት አይቶ ቢስቅ ይሳቅ።

ሻጋታው ላይ በቀጥታ ቀለም ቀቡበት። ለእሁድ እንግዳ ያምራል፤ ብዙ ሳይቆይ ጥቁሩ እንደገና ይወጣል፣ ቀለሙም እንደ ቅርፊት ይነሳል። ከውስጥ ያለው እርጥበት መውጫ ይፈልጋልና። መንገዱ ቀርፋፋ ነው፤ መጀመሪያ የሚያፈሰውን መድፈን፣ ግድግዳውን በቀጠነ በረኪና ማጠብ፣ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ማራቅ፣ መስኮት ከፍቶ ቀናት መጠበቅ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ መቀባት። ቀለሙ ለሌላ ቅዳሜ ቢያድር ምንም አይጎድልም።

ስለ በረኪና ግን በፌዝ እንኳ የማልለው ነገር አለ። በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር፣ ወይም አሞንያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር በጭራሽ አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ይገድላል። «ሁለቱ አንድ ላይ ይበልጥ ያጸዳሉ» የሚል ሰው ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ ንገሩት።

ወደ ማድቤት እንግባ። ለቅዳሜ እራት የሚሆነውን የጤፍ ሊጥ ቅዳሜ ጠዋት አቡኩ። እርሾ ሁለት ሦስት ቀን እንደሚፈልግ፣ ከዚያም አብሲት ተጥሎ ሊጡ ኩፍ እስኪል እንደሚጠበቅ እርሱት። በጥድፊያ የተጋገረው እንጀራ ዓይን አያወጣም፣ ጥፋቱም ምጣዱ ፊት በቆመችው ሴት ይላከካል። ምጣዱ ሲሰካ ካውያውንና የውሃ ማሞቂያውንም አብራችሁ ሰኩ። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ሊጡም መሃል ላይ ይቀራል።

በርበሬውን ደግሞ በሁለት ቀን ጨርሱት። የማረቆን ዛላ ቅዳሜ ቀንጥሱ፣ እጠቡ፣ አስጡ፤ እሁድ ከሰዓት እንደረጠበ ወፍጮ ቤት ውሰዱት። እርጥብ በርበሬ ይሻግታል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ ወጥ ውስጥ ቢንተከተክም አይጠፋም። እናቶቻችን ዛላውን በእጃቸው ሰብረው ድምፁን የሚሰሙት፣ ደልዘው መልሰው ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት በምክንያት ነው። በርበሬ የአንድ ቅዳሜና እሁድ ሥራ አይደለም። ለአንድ ቅዳሜ የሚበቃው መቀንጠሱ ነው፤ እሱም ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ እያወራ ሲሠራው የሚያምር ሥራ ነው።

ባል እንዳያወራ ከፈለጋችሁ ኳሱ አለ። በጥቅምት መጀመሪያ የእንግሊዝ ሊግ የቅዳሜ የመጀመሪያ ጨዋታ ከቀኑ 8፡30 ላይ ይገባል፣ ብዙዎቹ ደግሞ 11 ሰዓት ላይ። ከሁለቱም አንድ አይቅርበት፣ በመሃል «ውሃ ስጪኝ» ይበል፣ ማታ ደግሞ ቤቱ ለምን እንዳልጸዳ ይጠይቅ። ሚስትም በበኩሏ የሠራችውን ሁሉ ትቁጠር፤ አንሶላው፣ ሳህኑ፣ ወለሉ፣ እያንዳንዱ ከነሰዓቱ። ለራት ሲቀመጡ ሒሳቡን ታቅርብ። መቁጠሯን አልነቅፍም፤ ያልታየ ሥራ ሰውን ያስቆጥራል። መድኃኒቱ ጨዋታውን መከልከል አይመስለኝም። አንዱን ጨዋታ አይቶ ለሌላው ሰዓት መነሳት ይቻላል፤ የታጠበውን አንሶላ አይቶ «እጅሽ ይባረክ» ማለትም ብዙ አያደክምም።

የጓሮውን ቆሻሻ በተመለከተ፣ ሁሉንም ለህዳር 12 አከማቹት፤ ፌስታሉንም፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱንም፣ ያረጀውን ጫማም። ልማዱ ክቡር ታሪክ አለው። በ1911 ዓ.ም. በዓለም የስፔን ጉንፋን የተባለው ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ ሰው ሲያረግፍ፣ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሐዘን ነበር፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። የህዳር በሽታ የሚለው ስምም፣ በህዳር ሚካኤል ቀን ቆሻሻ ጠርጎ ማጤሱም ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ያን ጊዜ ግን ፌስታል አልነበረም። ዛሬ ፕላስቲኩን ከቅጠሉ ጋር ማቃጠል ጭሱን በጎረቤት ሕፃን ሳንባ ላይ መልቀቅ ነው። ልማዱን የምንወድ ሰዎች መጥረጉን እናጥብቅ፣ ፕላስቲኩን ለይተን ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች እንስጥ፣ ቅጠሉንም ጎመኑ ሥር እንቅበር።

የመጨረሻው ምክር፣ ከቅዳሜ የተረፈውን ሁሉ እሁድ ላይ ቆልሉ። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ ባልዲው ይጠብቃችሁ። ጀበናው አይጣድ፤ ከተጣደም አቦሉን ቆማችሁ ጠጡና ተነሱ፣ ቶናና በረካው ይቅር፣ ዓይናችሁም ያልተሠራውን ጥግ ይፈልግ። ባለትዳሮችን ከሁሉ የሚጎዳው ይኸኛው ይመስለኛል። ቤት መቼም ሠርተው የሚጨርሱት ነገር አይደለም፤ «ሲያልቅ እናርፋለን» ያሉ ሰዎች ሳያርፉ ያረጃሉ። ጋቢው በፀሐይ ደርቆ ሲገባ ሽታው ራሱ ደስታ ነው፤ ፍራሹ ተገልብጧል፣ ጣሪያው ተደፍኗል፣ ሁለታችሁም ደክማችኋል። ሦስቱንም ቡና ተቀምጣችሁ ጠጡ። ከሰሉን ግን በር ዘግታችሁ አታቆዩት፤ ጭሱ ቢጠፋም ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ይቀራልና፣ ጨርሳችሁ ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃውን ወደ ውጭ አውጡት።

እንግዲህ ምክሩ ይኸው፤ ተቃራኒውን አድርጉ። ዛሬ ዓርብ ከሆነ እራት ላይ ተነጋገሩ፣ ከምታስቡት ሥራ ግማሹን ለሌላ ቅዳሜ አሳድሩ፣ ነገ ጠዋትም መሰላሉን ከጎረቤት ተዋሱ። ስትመልሱም በርበሬ የምትቀነጥሱበትን ሰዓት ንገሯቸው፤ የሚመጣ ሰው አይጠፋም።