ለትልቅ ቤት የሚሆን እሳት

የእኛ ሰው ሚኒሶታ ውስጥ ሰፋ ያለ ቤት ሲገዛ ለእንግዳ መጀመሪያ የሚያሳየው ፋየርፕሌሱን ነው። በጡብ የተገነባ ሰፊ የእሳት ቦታ፣ ከላዩ የቤተሰብ ፎቶ፣ ከጎኑ የተደረደረ ፍልጥ፤ ሲያዩት ደስ ይላል። ታኅሣሥ ሲገባ ግን ያው ፋየርፕሌስ ቤቱን ያበርደዋል። በክፍት ምድጃ ከሚነደው እንጨት ሙቀት ለቤቱ የሚተርፈው አሥር በመቶ ቢሆን ነው። ሌላው በጭስ ማውጫው ሽቅብ ይሄዳል፣ ሲሄድም የቤቱ ማሞቂያ፣ ፈርነሱ፣ ያሞቀውን አየር እየሳበ ይወስዳል። እሳቱ ፊት የተቀመጠው ሰው ጉልበቱ ይለበለባል፤ መኝታ ቤት ያለው ብርድ ልብስ ይደርባል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1744 ስለ ብረት ምድጃው በጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ያማረረው ይህንኑ ነበር። ለምድጃው የባለቤትነት መብት ቢቀርብለት አልፈልግም ብሎ ለሕዝብ ተወው፤ በዚህ ሰውየውን እወደዋለሁ።

የዛሬው መፍትሔ ኢንሰርት ይባላል። በጡቡ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ፣ የመስተዋት በር ያለው የብረት ሣጥን ነው። አየሩ በልክ ይገባል፣ ጭሱ ራሱ ተቃጥሎ ሙቀት ይሰጣል፣ በዙሪያው የሚሞቀውን አየር ፋን ወደ ክፍሉ ይገፋዋል። በደንብ ከተሠራና በደንብ ከተገጠመ ከእንጨቱ ሙቀት ሰባ በመቶና ከዚያም በላይ ቤት ውስጥ ይቀራል።

እኛ የገዛነው ቤት ከሴንት ፖል ወጣ ብሎ፣ የከተማው ጋዝ መስመር ከማይደርስበት ሰፈር ነው። ምድር ቤቱን ጨምሮ 3,200 ስኩዌር ፊት ይሆናል። በዛ የሚለን ሰው አለ። ለእኛ ግን ቤት ማለት ክርስትና የሚደገስበት፣ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት፣ ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ ሥራ እስኪያገኝ የሚያርፍበት ነው። እናቴ ከእኛ ጋር ትኖራለች፤ የወንድሜ ልጆችም አሉ። ፈርነሱ የሚሠራው ቦቴ እያመጣ በሚሞላው ፕሮፔን ነው። ብርዱ ሲጠና የፕሮፔኑ ሒሳብ ከቤቱ ዕዳ ጋር ይፎካከራል። እዚህ አገር ደግሞ ብርድ ሲባል እውነተኛ ብርድ ነው። በጥር 30 ቀን 2019 ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት ደርሷል፤ በ1996 የካቲት 2 ቀን በሰሜን በኩል ታወር በምትባል ከተማ ከዜሮ በታች 60 ተመዝግቧል። እናቴ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፣ ውርጭ ያሳደጋት። እሷም ብትሆን የመጀመሪያውን ጥር በጋቢ ላይ ጋቢ ደርባ ነው ያሳለፈችው።

ቤቱ ሲሸጥ ወረቀቱ ላይ «የሚሠራ የእንጨት ኢንሰርት አለው» ተብሎ ተጽፏል። የቤት መርማሪውም በባትሪ አብርቶ አይቶ «ይሠራል» ብሎ ፈርሟል። ትንሽ ነበር፤ ከሦስት ፍልጥ በላይ አይገባበትም፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አመድ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ «ትልቅ እንግዛ» የሚለው ወሬ ቤታችን ውስጥ የተጀመረው ገና በኅዳር ነው።

ከዚያ የገና ዕለት መጣ። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። ዶሮው ይንተከተካል፣ እናቴ ቡና እየቆላች ነው። የጭስ ደወሉ እንዳይጮህ ኩሽና ያለው ጭስ መሳቢያ በመጨረሻው ፍጥነት ይሠራል፤ የመታጠቢያ ቤቱም ፋን እንዲሁ። ባለቤቴ ፍልጥ ሊጨምር የኢንሰርቱን በር ከፈተ። ጭሱ ወደ ላይ በመውጣት ፈንታ ወደ ሳሎኑ ተገለበጠ። በሩን መልሶ ቢዘጋውም በየስንጥቁ መግባቱን አላቆመም። ብዙም ሳይቆይ ኮሪደር ላይ ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል ጮኸ። ሚኒሶታ ውስጥ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ ይህ ደወል እንዲኖር ሕግ ያዛል፤ ሕጉን ያወጡትን ሰዎች ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልመርቃቸው አልውልም። ሕፃናቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ አሮጊቶቹን በነጠላቸው ደግፈን መኪና ውስጥ አስገባን። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው አየሩን ለክተው፣ ቤቱን አናፍሰው እስኪያስገቡን ድረስ እናቴ ዳዊቷን ትደግም ነበር። ማንም ሳይጎዳ አለፈ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

በማግስቱ ጭስ ማውጫ ጠራጊ ፈልገን አገኘን። ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ የጨረሱ አዛውንት ናቸው። ኢንሰርቱን ጎትተው አውጥተው፣ በረጅም ዘንግ ጫፍ ካሜራ ወደ ላይ ሰደዱና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት። የጭስ ማውጫው የሸክላ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነገር ለብሷል፤ ቦታ ቦታ ላይ ወርዶ ወርዶ እንደረጋ ቅጥራን ተንጠልጥሏል። ክሪዮሶት ነው። ያልተቃጠለ ጭስ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ የሚጥለው፣ እሳት ከያዘው ደግሞ ጭስ ማውጫውን ሰንጥቆ ጣራ የሚያቃጥል ነገር።

«ይህ የተገጠመ አይደለም፤ ተገፍቶ የገባ ነው» አሉኝ። ኢንሰርት ከራሱ አፍ ተነሥቶ እስከ ጣራው ጫፍ የሚደርስ የማይዝግ ብረት ቧንቧ፣ ላይነር የሚሉት፣ ሊኖረው ይገባል። የእኛው ሣጥኑን ብቻ ወደ ጉድጓዱ ገፍተውት ጭሱን በሰፊው ጡብ ውስጥ ለቀውታል። ሰፊ ቦታ የገባ ጭስ ይዘገያል፣ ይቀዘቅዛል፣ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ጭስ ማውጫችን ደግሞ ከቤቱ የውጭ ግድግዳ ጋር የተሠራ ስለሆነ ሦስት ጎኑን ብርድ ይመታዋል። ከመጀመሪያውም ደካማ የነበረውን ስበት የኩሽናው መሳቢያ በቀላሉ አሸነፈው። መስኮትና በሩ ተጠብቆ የታሸገ ቤት የሚያወጣውን ያህል አየር ከአንድ ቦታ መሳብ አለበት፤ ያን ቀን የሳበው በጭስ ማውጫው ነው። እኛ ሐበሾች ይህን ልብ እንበል፤ በርበሬ የሚታመስበትና ቡና የሚቆላበት ቤት መሳቢያ ሳያበራ አይውልም። መሳቢያው ሲበራ ምድጃው ያለበትን ክፍል መስኮት አንድ ጣት ያህል ከፈት ማድረግ የኛ ቤት ደንብ ሆኗል።

ትልቁን የመምረጥ መከራ ከዚያ ቀጠለ። አንድ ሻጭ ዘንድ ሄድን። ስለ ጭስ ማውጫው አንድም ነገር ሳይጠይቅ ብሮሹር ዘረጋልን፦ «እስከ 3,000 ስኩዌር ፊት ያሞቃል፣ በሰዓት ከ70,000 ቢቲዩ በላይ።» ቀብድ ተቀበለ። መመሪያውን ቤት ወስጄ ሳነበው ምድጃው ባለ 8 ኢንች ቧንቧ ይፈልጋል። አዛውንቱ ጣራ ላይ ወጥተው የሸክላውን ውስጥ ሲለኩት ጠባቡ ጎን 7 ኢንች አይሞላም። ሻጩ «ችግር የለም፣ ወደ 6 እናጠብበዋለን» አለ። አምራቹ በጽሑፍ ያልፈቀደውን ማጥበብ ማለት የገናውን ጭስ በገንዘብ መልሶ መግዛት ነው። ቀብዳችንን ለማስመለስ ያየነውን እንግልት መዘርዘር አልፈልግም።

ስለ ቢቲዩው፣ ማለትም ስለ ሙቀት መለኪያው፣ ግን ዝም ብዬ አላልፍም፤ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነውና። በብሮሹሩ ላይ ያለው ቁጥር እሳቱ ሲግል የሚሰጠው ጣሪያ ነው። ሌሊቱን የሚያሳድረው ሣጥኑ የሚይዘው እንጨት ነው። ስሌቱን የወንድሜ ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ሠራልኝ። 3 ኪዩቢክ ፊት የሚይዝ ምድጃ ሲሞላ 30 ፓውንድ ገደማ ደረቅ ፍልጥ ይገባዋል። አንድ ፓውንድ ወደ 7,000 ቢቲዩ አለው፣ ስለዚህ በድምሩ 210,000። ከዚያ 75 በመቶው ቤት ውስጥ ቢቀር 157,500 ይሆናል። ለስምንት ሰዓት ሌሊት ሲካፈል በሰዓት 20,000 እንኳ አይሞላም። በፕሮፔን ሲመነዘር የአንድ ሌሊት ሙሉ ጭነት ሁለት ጋሎን ያህል ያድናል። ይህ ትንሽ አይደለም፤ በየሌሊቱ እስከ መጋቢት ሲደመር ትልቅ ገንዘብ ነው። ግን 70,000 አይደለም። ስለዚህ ለትልቅ ቤት ምድጃ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የሣጥኑን ሆድ ይጠይቅ፤ ከ3 ኪዩቢክ ፊት የሚያንሰውን ለእኛ ዓይነት ቤት አልመክርም።

በመጨረሻ ይህን ያህል ሆድ ኖሮት በ6 ኢንች ቧንቧ የሚሠራ አገኘን። ካታሊስት የሚባለው ጭስ አቃጣይ ክፍል ያለው ቢሆን በትንሽ እሳት ረጅም ሰዓት ይቆያል፤ ነገር ግን ካታሊስቱ ያረጃል፣ ይቀየራል፣ መቼ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋም የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። በእኛ ቤት እሳቱን እናቴም ልጆቹም ይነካሉ፤ ስለዚህ ቀላሉን፣ ጭሱን ከላይ ባሉ ቱቦዎች በሚገባ አየር የሚያቃጥለውን መረጥን። ከ2020 ግንቦት ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ ምድጃ በሰዓት ከ2 ግራም በላይ ብናኝ እንዳይተፋ የፌዴራሉ ሕግ ይከለክላል፤ በእንጨት ፍልጥ ከተፈተነ 2.5 ነው። በ1990ዎቹ ካታሊስት ለሌለው 7.5 ይፈቀድ ነበር። ፊቱ ከጡቡ ወጣ ያለውን የመረጥነው ደግሞ መብራት ሲጠፋ ፋኑም ስለሚቆም ነው፤ ወጣ ያለው ብረት ያለ ፋንም ሙቀት ይሰጣል። ላይነሩ እስከ ጫፍ ድረስ በሙቀት መከላከያ ተጠቅልሎ ገባ፤ ከሣጥኑ በላይ ያለው ክፍት ቦታም በቆርቆሮ ተዘጋ። ያ ቆርቆሮ ባይኖር ኖሮ ብዙ ሙቀት የጡቡን አንገት ሲያሞቅ ያድር ነበር። መንግሥት ከዋጋው 30 በመቶ፣ እስከ 2,000 ዶላር የሚመልስበት የግብር ቅናሽ በ2025 መጨረሻ መቆሙ ያሳዝናል፤ ለብዙ ቤተሰብ ልዩነት ያመጣ ነበር።

አዲሱን ምድጃ የለኮስነው ዕለት መስተዋቱ በአንድ ሌሊት ጠቆረ። እናቴ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ እሳቱን አየችና «አንቺ ልጅ፣ ይህ እንጨት እኮ ያለቅሳል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የፍልጡ ጫፍ አረፋ እየደፈቀ፣ ውሃ እየተንጠባጠበ ያፏጫል። እንጨት ሻጩ «ዓመት የደረቀ ኦክ» ብሎ ነበር። አንዱን አዲስ ፈልጠን ልቡን በእርጥበት መለኪያ ወጋነው፤ ከ30 በመቶ በላይ አሳየ። ከ20 በታች መሆን አለበት፤ ኦክ ደግሞ እዚያ ለመድረስ ተፈልጦ፣ ነፋስ እያገኘው ሁለት ዓመት ይፈልጋል። ስፍሩም ጎደሎ ነበር። ኮርድ ማለት 4 በ4 በ8 ጫማ፣ 128 ኪዩቢክ ፊት ነው። እሱ ያራገፈልን አንድ ረድፍ ብቻ፣ የኮርዱ ሲሶ ነው። በደረቁ ምክንያት እርጥቡ ይነዳል ይባላል፤ በዚህ ሣጥን ውስጥ ግን እርጥቡ ደረቁንም ይዞት ያጨሳል።

አሁን የምናነደው አሽ የሚባለውን ዛፍ ነው። ከእስያ የመጣ አረንጓዴ ጥንዚዛ ሚኒሶታ ውስጥ በ2009 እዚሁ ሴንት ፖል ከታየ ወዲህ አሽ በየመንገዱ ዳር እየደረቀ ይቆረጣል። ጥሩ ማገዶ ነው፤ ከኦክ ቶሎ ይደርቃል። ጥንዚዛው በፍልጥ ተሳፍሮ ስለሚዛመት ግን ከታገደ ካውንቲ ወዳልታገደው ማገዶ መጫን ክልክል ነው፤ የትም ብትኖሩ ከቅርባችሁ ግዙ።

ከእናቴ ጋር አንድ ነገር ብቻ አከራከረን። እሷ ማታ እሳት ማዳፈን ትፈልጋለች፤ በአገር ቤት ምድጃ ፍሙን አመድ አልብሶ ማሳደር የባለሙያ ሥራ ነው። እዚህ ግን ሣጥኑን ሞልቶ አየሩን ጥርቅም ማድረግ ያንኑ ጥቁር ቅጥራን መጥራት ነው። አዛውንቱ ሊጠርጉ ሲመጡ ከላይነሩ የወጣውን ጥራጊ አሳይተው በትዕግሥት አስረዷት። አሁን እሳቱ መጀመሪያ እስኪግል ትለቀዋለች፣ ከዚያ ቀስ እያለች አየሩን ትቀንሳለች። ንጋት ላይ ፍም ታገኛለች።

ቤቱ ሁሉ ሞቀ ወይ ብትሉኝ፣ ሳሎኑና ከላይ ያሉት ክፍሎች ሞቀዋል። ኮሪደሩ ጫፍ ወለል ላይ ትንሽ ፋን አድርገን ቀዝቃዛውን አየር ወደ ምድጃው እንገፋለን፤ ሙቁ በጣራው ሥር ተመልሶ መኝታ ክፍሎቹ ድረስ ይሄዳል። ምድር ቤቱን አያዳርስም፤ ብርዱ ከዜሮ በታች ሲወርድ ፈርነሱም ያግዛል። የፕሮፔኑ ቦቴ ግን እንደ ድሮው አይመላለስም።

ኢንሰርት ያለው ቤት የምትገዙ ወገኖቼ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ላይነሩ እስከ ጫፍ መድረሱን ጭስ ማውጫ ጠራጊ በካሜራ ያሳያችሁ። ጠራጊ የምትጠሩም በበጋው ጥሩ፤ ቅጠል መርገፍ ከጀመረ በኋላ ወረፋው አያደርስም።