ራም በሞዴል 19

ባሌ ውስጥ ጥፋተኛ ፍለጋ አያደክምም፤ ብርዱ አለ። መኪና አልነሳ ካለ ብርዱ ነው። ሊጥ አልቦካ ካለ ብርዱ ነው። ደብዳቤ ሳይፈረም ከከረመም የኃላፊው ጣት በብርድ ደንዝዞ ነው። ስለዚህ በጳጉሜን የመሥሪያ ቤታችን ሰርቨር (የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቆየኝ፤ ጡረታዬ ገና ነው) ግንባሩ ላይ ብርቱካናማ መብራት እያብለጨለጨ በየመሀሉ ቀጥ ማለት ሲጀምር፣ ክዳኑን ሳልከፍት ምርመራው አልቆ ጠበቀኝ።

«በርዶት ነው» አሉ የፋይናንስ ኃላፊያችን። «ማታ ማታ ለምን አንድ ነገር አታለብሱትም?»

ለካስ ለብሶ ኖሯል። ሰርቨር ከፊት ለፊቱ ቀዝቃዛ አየር ይስብና በጀርባው ትኩስ ይተፋል። መሥሪያ ቤታችን ያለባት ሮቤ ደግሞ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ የክረምት ሌሊቷን የሚያውቅ ያውቀዋል። የክፍሉ ቁልፍ «ለድንገተኛ አደጋ» ተብሎ ጥበቃ ዘንድ ስለሚቀመጥ፣ የሌሊት ዘበኛችን ዝናብ ያበሰበሰውን ጋቢያቸውን ሰርቨሩ ከተሰካበት ራክ ጀርባ አስጥተው አገኘኋቸው። «ልጄ፣ መንግሥት ደግ ነው፤ ጭስ የሌለው ማሞቂያ አስገባልን» አሉኝ። ጋቢው ተነሣ፤ መብራቱ ግን ማብለጭለጩን አልተወም።

መስኮቱ ላይ «ሲስተም የለም» የምትለው ወረቀት ተለጠፈች። አዲስ አልተጻፈችም፤ ከመሳቢያ የወጣችው ከነፕላስተሯ ነው።

ሰርቨሩ ራሱ ስለ ብርድ ትንፍሽ አላለም። መዝገቡን ስከፍተው ጥፋቱን ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱና ከነቦታው ጽፎ አስቀምጦታል፤ ኤ2 በተባለው ስሎት ላይ ያለው ራም። የሰርቨር ራም እያንዳንዱን 64 ቢት ሲያስቀምጥ 8 ቢት ለምስክርነት አብሮ ያስቀምጣል። አንድ ቢት ቢዛነፍ ምስክሮቹን ጠይቆ የቱ እንደሆነ ይለይና ያቃናዋል፤ ሥራ አይቋረጥም። ሁለት አብረው ቢዛነፉ ግን መሳሳቱን ያውቃል፣ ማቃናት አይችልም። ያኔ የተሳሳተ ነገር ከማውራት ዝም ማለት ይሻላል ብሎ ቀጥ ይላል። ይህን ጠባይ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ በምሳሌነት ላነሣው አስቤ ነበር፤ የመድረኩን ፊት ሳይ ተውኩት።

እውነቱን ለመናገር እኔም የምወቅሰው ነበረኝ፤ ሰማዩን። ከህዋ የሚመጡ ቅንጣቶች ከአየሩ ጋር ተላትመው የሚበትኑት ኒውትሮን ራም ውስጥ ገብቶ አንዱን 0 ወደ 1 ሊገለብጠው ይችላል። በ2003 እ.ኤ.አ. ቤልጂየም ውስጥ ሻርቤክ በተባለ ስፍራ ለአንድ ዕጩ 4,096 ትርፍ ድምፅ ተቆጠረ። መርማሪዎቹ ሌላ ምክንያት ቢያጡ አንዲት ቢት ተገልብጣ ይሆናል አሉ፤ 4,096 ማለት 2 ለ12 ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው ቁጥር ነውና። እኛ አገር ቢሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሰማይ አይመስለኝም። ደግሞ ከፍ ባልን መጠን አየሩ ይሳሳል፣ የኒውትሮኑም ውርጅብኝ ይበረታል። አይቢኤም ራሞቹን ተሸክሞ 3,100 ሜትር ግድም ላይ ወዳለችው የኮሎራዶዋ ሌድቪል የወጣው ይህንኑ ለመፈተን ነበር።

ሰማዩን መክሰስ አምሮኝ ነበር፤ ለግዥ ጥያቄም ግርማ ይሰጣል። ሐቁ ግን አልፈቀደም። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ በኩል ስለሚያልፍ፣ ከህዋ የሚወረወረውን ብዙውን እዚያው ላይ ይመልስልናል። ደግሞስ ሰማይ ሌላውን ሁሉ ትቶ ቀን ከሌሊት ኤ2ን ብቻ ምን አድርጎኝ ብሎ ይደበድባል? የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲና የጉግል ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት፣ በዓመት ከ100 ራም ከ8 በላይ የሚሆነው ስሕተት እንደሚያሳይና ብዙው ጥፋት ከዕቃው ከራሱ እንደሆነ ይናገራል።

ማኑዋሉንም አየሁ። ብርድን ያን ያህል አይጠላም፤ ይበልጥ የሚጠላው የሳሳ አየር ነው፣ ሙቀት ጠርጎ አይወስድለትምና። ከ950 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከሚችለው ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀንስበታል፤ ከ3,050 ሜትር በላይ ደግሞ ኃላፊነት አልወስድም ይላል። ሮቤ ታልፋለች። በ14 ኪሎ ሜትር የምትርቀውና ከሮቤ ከፍ የምትለው ጎባም ታልፋለች። 4,000 ሜትር ላይ ያለችው ሰነቲ ትወድቃለች፤ ቀይ ቀበሮ ፍልፈሉን ያለ ሰርቨር ስለሚቆጥር ግን አልተጎዳም።

ስለዚህ ወደ ሙያው ተመለስኩ። የኤ2ን ነቅዬ ቢ2 ላይ፣ የቢ2ን ነቅዬ ኤ2 ላይ ሰካሁ። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ አንዱን ለጊዜው ዘመድ ቤት እንደሚያሰነብተው ማለት ነው፤ ጠቡ ተከትሎት ከሄደ ጥፋቱ የሰውዬው፣ እቤት ከቀረ የቤቱ ነው። በማግስቱ መዝገቡ ቢ2 ብሎ ጻፈ። ጠቡ ተከትሎት ሄዷል።

ጥፋተኛውን ከነጥንዱ አወጣሁና ሰርቨሩ በቀረው ራም እያዘገመ ሥራ ቀጠለ። ወረቀቷን የመንቀል ኃላፊነት ግን የማንም የሥራ መደብ ላይ ስላልተጻፈ እዚያው መስኮቱ ላይ ቀረች።

ግዥው ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቃል። የሮቤ ሱቆች ፍላሽ፣ ቻርጀርና የስልክ ሽፋን እንደ ልብ ነው፤ «የሰርቨር ራም» ስል ግን «ስንት ጊጋ ፍላሽ?» ይሉኛል። አንዱ ባለሱቅ ከመደርደሪያ ሥር አቧራ የለበሰ የዴስክቶፕ ዲዲአር3 አወጣልኝ። የእኛው ዲዲአር4 ነው፤ 288 እግር አለው፣ ያኛው 240። ከሥሩ ያለችው ጎድጓዳ ቦታም በሁለቱ ላይ የተለያየችው ሆን ተብሎ ነው፤ ሰው በግድ እንዳይሰካው። ይህን ሁሉ አስረዳሁት። በጥሞና ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «ጎድጓዳዋን በሞረድ ብትነካካት ይገባል» አለኝ።

ጉዳዩ ወደ አዲስ አበባ ተላለፈ። በዚሁ መሀል ከሲናና የመጡ አንድ አዛውንት መስኮቱ ላይ ያዙኝ።

«ልጄ፣ ሲስተሙ መቼ ነው የሚመጣው?»

«በቅርቡ ነው ኦቦ።»

«ከየት?»

«ከአዲስ አበባ።»

«ታዲያ ማታ ይገባላ! መናኸሪያ ሄጄ ልጠብቀው።»

ተሰላፊው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ሲስተሙ በእርግጥም የሚመጣው በአውቶቡስ ነበር።

ራሙ ታኅሣሥ ከገባ በኋላ መጣ። ያንን 430 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በረዳቱ የጃኬት ኪስ ተጉዞ፣ በዶዶላና በአዳባ አልፎ፣ ዲንሾ ላይ ከርከሮዎቹ አስፋልቱን እስኪለቁ ቆሞ ሮቤ ገባ። ረዳቱ የዕቃውን ማነስ አይቶ የጭነት አልጠየቀኝም፤ ዋጋውን ሲሰማ ጠየቀኝ።

ጥቅሉን ስፈታው ደነገጥኩ። ብርማ ከረጢቱ የለም፤ ሻጩ ራሙን በጋዜጣ ጠቅልሎ በፌስታል ቋጥሮታል። ፌስታል ሲፋተግ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ በባሌ ደረቅ በጋ ደግሞ ሹራብ በሹራብ ላይ የደረበ ሰውም እንዲሁ። ሰው ንዝረቱ የሚሰማው 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው፤ ቺፕን ግን ከ100 ቮልት በታች ያለው ሊያበላሸው ይችላል። የላይኛውን ሹራብ አወለቅኩ። የታችኛውንም አወለቅኩ። በካናቴራ ቀርቼ ስታቲኩን የሚያፈስሰውን አምባር አንጓዬ ላይ አጥብቄ፣ ሽቦውን ከራኩ ብረት ጋር አያያዝኩት። የጽዳት ሠራተኛችን በሩን ገፋ አድርገው አዩኝና «ውይ በሞትኩት! ምን አጥፍቶ ነው በብርድ ያሰሩት?» አሉ።

ሁለቱንም የፓወር ገመድ ነቀልኩ፤ አንዱ ብቻ ቢነቀል በሌላው ይሠራልና። ክዳኑን አነሣሁ። የስሎቱን ሁለት ጆሮዎች ወደ ውጭ ከፍቼ፣ ጎድጓዳዋን አስተያይቼ፣ በሁለት አውራ ጣቴ እኩል ተጫንኩት። ቀጭ። ቀጭ። ጆሮዎቹ ራሳቸው ተነሥተው ያዙት። ጥንዱንም ወደ ቦታው መለስኩ።

ሳበራው ማራገቢያዎቹ ሕንፃው እስኪሰማ አጓሩ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር። ሰርቨር አዲስ ራም ሲገባለት ፈትሾና ተለማምዶ እስኪነሣ ደቂቃዎች ይፈጃል። ይህን ግን ከኋላዬ ለቆሙት ለፋይናንስ ኃላፊው ማን ይንገራቸው? «ገደልከው» አሉ። ጥቂት ቆይተው «በማን በጀት እንደምንቀብረው አላውቅም» አሉ። ስክሪኑ በራ፤ ራሙ ሙሉ ሆኖ ታየ፤ ብርቱካናማው መብራት ሰማያዊ ሆነ።

አበቃ ስል ንብረት ክፍል ገባ። ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ሳይሆን፣ በሞዴል 22 ወጪ ሳይደረግ ሥራ ላይ አይውልም፤ ይህኛው ግን ከመናኸሪያ በቀጥታ ሰርቨር ገብቷል። ንብረት ሠራተኛው ወንበሩም ጠረጴዛውም ላይ ቁጥር የሚጽፉበትን ቀይ የዘይት ቀለምና ብሩሽ ይዘው መጡ።

«አውጣው፣ ቁጥር ልጻፍበት።»

ለመንኳቸው። በመጨረሻ ቁጥሩ የሰርቨሩ ክዳን ላይ እንዲጻፍ ተስማማን። አሁን በየዓመቱ የቆጠራ ኮሚቴው ሲመጣ ቅጹ ላይ «ራም፣ 1 ፍሬ» የሚል አለና «የት አለ?» ይላል። «እውስጥ ነው፤ ለማየት ሰርቨሩ መጥፋት አለበት» እላለሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ መስኮቱ ላይ የተኮለኮለውን ባለጉዳይ ዞር ብለው ያያሉ፤ ከዚያ «በአካል ታይቷል» ብለው ይፈርማሉ።