የሁለት ሚሊ ሜትር ኑፋቄ

ይህ ጥናት የተካሄደው በእንግሊዝ አገር፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ በሚከፈት አዳራሽ ውስጥ ነው። ናሙናው አሥራ አንድ ሰው ሲሆን ሁሉም ወንዶች፣ አብዛኞቹም ጡረተኞች ናቸው። ተመራማሪው ወደ መስክ የወጣው የምርምር ፈቃድ አግኝቶ ሳይሆን ጎረቤቱ «ሻይ አለ» ብለው ስለጠሩት ነው።

ስብስቡ በእኛ አጠራር ማኅበር ነው። ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ መዋጮም በየወሩ ይከፈላል። ከእድር የሚለየው ማንም ሳይሞት መሰብሰቡ ነው። ከእቁብ የሚለየው ደግሞ ዕጣው ለሰው አለመውጣቱ ነው፤ በየወሩ የሚደርሰው ለባቡር ነው። ባቡሩ ከነፉርጎው ጠረጴዛ ላይ ይሄዳል። ሐዲዱ፣ ጣቢያውና መንደሩ የተተከሉበትን ነገር አባላቱ ሌይአውት ይሉታል። እኔ ገበታ ብዬዋለሁ፤ ዙሪያውን ከበው ሲቆሙ ላየ ሌላ ስም አይመጣለትም።

ገበታው ኮምፔንሳቶ ነው። ኮረብታው ጀሶ፣ ዛፉ ስፖንጅ። ሣሩ የናይለን ብጣሽ ሲሆን በኤሌክትሪክ እየተሳበ፣ እንደ ደነገጠ ሰው ፀጉር ቀጥ ብሎ ኮላ ላይ ይቆማል። ሁሉም ነገር በ76.2 እጥፍ አንሷል፤ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 22 ሚሊ ሜትር ይወጣዋል። ሐዲዱ ብቻ ለዚህ ሕግ አልተገዛም። ጣጣውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በእውነተኛው የእንግሊዝ ሐዲድ ሁለት ብረቶች መካከል 1,435 ሚሊ ሜትር አለ። ለ76.2 ሲካፈል 18.83 ይመጣል። ገበታው ላይ ያለው ግን 16.5 ነው። ይህ ስፋት የሌላ ቤት ልጅ ነው፤ የመጣው 87 እጥፍ ከሚያሳንሰው መስፈርት ነው። የእንግሊዝ ባቡር ከአውሮፓው ቀጠን ያለ በመሆኑ ነገሩ ሲጀመር የነበረው ሞተር በዚያ ልክ አልገባበት አለ። አምራቾቹም የባቡሩን ገላ አስፍተው ሐዲዱን እንዳለ ተዉት። ኮቱ ሰፋ፣ ጫማው ያው ቀረ።

በዚች 2.33 ሚሊ ሜትር ምእመናኑ ሦስት ቦታ ተከፍለዋል። ብዙኃኑ በ16.5 ጸንተው «ቆሞ ለሚያይ ምን ይታየዋል» ይላሉ። አስታራቂዎቹ 18.2 ላይ ተገናኝተዋል፤ እንደ አስታራቂ ሁሉ በሁለቱም ወገን አይታመኑም። ጥብቆቹ 18.83ን ይዘው መንነዋል፤ ሐዲዳቸውን በገዛ እጃቸው ይሠራሉ፣ ባቡራቸው ሲሄድ ያየ ግን ከናሙናው ውስጥ አልተገኘም። እኛ የክርስቶስ ልደት ስንት ነው የሚለውን ክርክር በ1870 ዓ.ም. ንጉሥ ጠርቶን ቦሩ ሜዳ ላይ ተሰብስበን ቆርጠናል። እነዚህ ንጉሥ እያላቸው ጉባኤ የሚጠራላቸው አጥተዋል።

ተመራማሪው በበኩሉ 16.5ቱን መልሶ በ76.2 ቢያበዛው 1,257 ሚሊ ሜትር ሆነለት። የድሮው የጅቡቲ ባቡራችን ሐዲድ 1,000 ነበር፤ አዲሱ 1,435 ነው። ሁለቱን ማስታረቅ የሚፈልግ ካለ ዕቃው እንግሊዝ አገር ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

የገበታው ዘመን ምንጊዜም እ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ ባቡር እንፋሎትን የተሰናበተው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን አባላቱ ያኔ ቁምጣ ለባሾች ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ነገር ገበታው አይቀበለውም። ሙሽሪት ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ከቆመች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሙሽራው ኮላው ለቆት በጀርባው ወድቋል። ፎቶ አንሺው አሁንም እያነሳቸው ነው።

ባቡር ከሐዲድ ሲወጣ ከሰማይ እጅ ይወርዳል። 19 ሴንቲ ሜትር የሆነ የአዛውንት እጅ በመንደሩ ልክ ከ14 ሜትር ይበልጣል። በአንድ ማታ ስድስት ጊዜ ሲወርድ ቆጥሬአለሁ፤ በጎቹ አልበረገጉም፣ ጣቢያው ላይ የሚጠብቁት መንገደኞችም ቀና ብለው አላዩም። ባቡሩ ከተቃና በኋላ ዋሻ ይገባና ለንደን ሄደ ይባላል። ከመጋረጃው ጀርባ ዞሬ አይቻለሁ። ለንደን በርጩማ ላይ የተቀመጡ አንድ ሰውዬ ናቸው፤ ባቡሩን አንስተው ያዞሩታል፣ ብስኩት ይበላሉ።

የቀረው ጥያቄ ገበታው መቼ ያልቃል የሚለው ነው። ለንደን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 የተመሠረተው ዘ ሞዴል ሬይልዌይ ክለብ ኮፐንሃገን ፊልድስ የሚባል ገበታ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ እየተሠራ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የእኛው ባቡር በረሃውን አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. ከ1897 እስከ 1917፣ በ20 ዓመት ነው። እውነተኛውን መሥራት እንደሚቀል ከዚህ መረዳት ይቻላል። 

ጥያቄውን ለእነዚህኞቹም አቀረብኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዱ ተነስተው ሻይ ጣዱ። ሊቀ መንበሩ ጣቢያው ብቻ እንደቀረ፣ እሱም ለጣሪያው ትንሽ ቀለም እንደሚፈልግ እየቀፈፋቸው ነገሩኝ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ስመለስ ጣቢያው የለም። ኮረብታው ተገምሶ፣ ጀሶው በማዳበሪያ ታጭቆ በሩ ሥር ቆሟል። ገንዘብ ያዡ ካቻቢቴ ይዘው ከገበታው ሥር ወጡ፤ ፊታቸው በርቷል።

«ምን ሆነ?» አልኳቸው።

«ሊያልቅ ነበር እኮ» አሉኝ።