ሰሙ ይበቃናል

ፈረንጅ ቅኔ አያውቅም እያልን ስንት ዘመን ስናማው ኖርን! ይኸው በእኛ ዕድሜ ባለቅኔ ኩባንያ ለማየት በቃን። ሰሙ የሰፈር ካፌ፣ ወርቁ በአክሲዮን ገበያ ስሙ የሚጠራ ድርጅት። ሰሙ ከአያት የወረደ ቀብር አስፈጻሚ ቤት፣ ወርቁ ሂዩስተን የተቀመጠ ዋና መሥሪያ ቤት። ይህን ያህል የተደከመበትን ቅኔ በአደባባይ እየፈታ የሚያበላሽ ሶፍትዌር ደግሞ መጣልን። የሱቁን ስም ስልክህ ላይ ትጽፍለታለህ፤ እሱ የንግድ ምዝገባውን፣ የንግድ ምልክቱን፣ ከድረ ገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተወሸቀውን የውል ቃል ሁሉ ያገላብጥና «ይህ ቤት ራሱን የቻለ አይደለም፤ ባለቤቱ እገሌ ነው» ይልሃል። ነገረኛ! ቡናዬን በሰላም ልጠጣበት።

እስቲ ሲያትል የሆነውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2009 ስታርባክስ እዚያው በተወለደበት ከተማ አንድ ቅርንጫፉን አደሰና ስሙን ከበሩ አውርዶ በጎዳናው ስም «15ኛ አቬኑ ቡናና ሻይ» አሰኘው። ቢራና ወይን ጨመረበት። ከዚያ በፊት ሠራተኞቹ ፋይል ይዘው በአካባቢው ካፌ ተቀምጠው ሲያዩና ሲመዘግቡ እንደነበር የሰፈሩ ነጋዴዎች ለጋዜጣ ተናግረዋል። ምቀኛ ስለላ ይለዋል፤ እኔ ትሕትና እለዋለሁ። ያኔ በዓለም ዙሪያ ከ16 ሺሕ በላይ መደብር የነበረው ድርጅት ከአንዲት የሰፈር ካፌ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ሲማር ማየት እንዴት ደስ አይልም? ምን ያደርጋል፣ በ2011 ሰሙ ቀለጠና የድሮው ስም ተመልሶ ተሰቀለ።

ይህ ኩባንያ የስምን ነገር ከእኛም ጋር ተነጋግሮበታል። ኢትዮጵያ በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ላስመዝግብ ብላ ስታመለክት የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስና ኢትዮጵያ ከብዙ እሰጥ አገባ በኋላ ስምምነት የፈረሙት በ2007 ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ስታርባክስ የገዛ ስሙን ከበር አወረደ። የሰው ስም ሲሆን ክርክር፣ የራስ ስም ሲሆን መሰላል!

እንግሊዞችም ቢሆኑ አልተቀደሙም። ዋተርስቶንስ የተባለው የመጻሕፍት መደብር ሰንሰለት በሳውዝዎልድ፣ በራይና በሃርፐንደን የከፈታቸውን ሱቆች በየከተሞቹ ስም ሰየማቸውና የራሱን ስም ተወው። በ2017 ወሬው ሲወጣ ኃላፊው ጄምስ ዶንት ምንም የተደበቀ ነገር የለም አሉ፤ መስኮቱ ላይ ተጽፏል። እውነታቸውን ነው፤ በእጅ የተጻፈች ትንሽ ማስታወቂያ ነበረች። መጽሐፍ ሊገዛ መጥቶ መስኮት ማንበብ ያልቻለ ሰው ማንን ይወቅሳል?

ከሁሉም ግን ልቤን የነካው ፓስኳሊ ነው። በ2020 ወረርሽኙ ምግብ ቤቶችን ሲያዘጋ ደጉ የአሜሪካ ሕዝብ «የሰፈራችንን ምግብ ቤት እንደግፍ» ብሎ ተነሣ። ፊላደልፊያ ውስጥ አንዲት ደንበኛ «ፓስኳሊስ ፒዛ ኤንድ ዊንግስ» ከሚባል ቤት በስልኳ ፒዛ አዘዘች። አንድ ምስኪን ጣሊያናዊ ሊጥ እየዳመጠ ሳይታያት አይቀርም። አድራሻው ሲጣራ ቤቱ ለካ ቸኪ ቺዝ ኖሯል፤ ያ በአይጥ አሻንጉሊት የሚታወቀው፣ ልጆች ልደት የሚያከብሩበት ትልቅ ሰንሰለት። ፓስኳሊ ደግሞ በአይጡ ባንድ ውስጥ ያለው የሼፉ አሻንጉሊት ስም ነው። ሼፉ ሰው ሆኖ አያውቅም ማለት ነው። ታዲያ ምኑ ላይ ነው ማጭበርበሩ? የሌለ ሰው እንዴት አድርጎ ይዋሻል?

የእንስሳት ሐኪሞቹን አላነሣም፤ እንግሊዝ ውስጥ በ2013 ከአሥሩ ክሊኒክ አንዱ ብቻ በትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ነበር፤ አሁን ከአሥሩ ስድስት ገደማ ደርሷል፤ በብዙዎቹ በር ላይ ያለው ስም ዛሬም የድሮው ሐኪም ስም ነው። ውሻው እንደሆን አይጠይቅም።

ያ ነገረኛ ሶፍትዌር ግን አሜሪካ ሲገባ አንዳንዴ ልኩን ያገኛል። የአንዱን ካፌ ባለቤት ሲፈልግ አንድ የተመዘገበ ስም ያገኛል፤ ያንን ስም ሲከተል ደላዌር፣ ዊልሚንግተን፣ 1209 ኖርዝ ኦሬንጅ ጎዳና ይደርሳል። ዝቅ ያለች ሕንፃ ናት፤ ግን ከ2 መቶ ሺሕ በላይ ኩባንያዎች በአድራሻነት አስመዝግበዋታል። እዚህ ቤት ተቻችሎ መኖር እንዴት ያለ ነው! መንግሥትም ቢሆን ለምሥጢር ያስባል። በ2021 የጸናው ሕግ ኩባንያዎች እውነተኛ ባለቤታቸውን ለግምጃ ቤቱ መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቁ ያዝዝ ነበር፤ በማርች 2025 ግን አገር ውስጥ የተቋቋሙት ከግዴታው ነፃ ተደረጉ። መዝገቡ ቀድሞም ለሕዝብ ክፍት የሚሆን አልነበረም። አሁን ለመንግሥትም አላስፈለገም።

እንግዲህ አንድ ሰው ማስረጃ ማቅረብ ካለበት፣ ያቅርብ ምንም ያልደበቀው! የአሜሪካ አነስተኛ ቢራ ጠማቂዎች ማኅበር ይህ ገብቶት በ2017 የተገለበጠ ጠርሙስ ያለበት ማኅተም አወጣ። ከንግዱ 25 በመቶና ከዚያ በላይ በሌላ ትልቅ የመጠጥ ኩባንያ እጅ ያልገባበት ጠማቂ ይለጥፈዋል። የተሸጠው ጠማቂ ምንም ሳይለጥፍ፣ ያንኑ የመንደር ስሙን እንደያዘ ይሸጣል።

ስለዚህ እዚያው አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራና በርበሬ የምትሸጠው እህታችንም ቶሎ ማኅተም ትፈልግ። መልስ የምትመልሰው እሷ፣ ካርቶን የምታወርደው እሷ፣ ማታ በሩን የምትቆልፈው እሷ፤ የእናትህን ደኅንነት ጠይቃህ፣ ዱቤህንም አስታውሳ ነው የምትሸኝህ። ይህ ሁሉ ግን ለሶፍትዌሩ መረጃ አይሆነውም። ድረ ገጽ የላትም፣ የንግድ ምልክት አላስመዘገበችም፤ ስሟን ሲያስገቡለት «ማረጋገጥ አልተቻለም» ቢላት አይፈረድበትም። እንደ ዊልሚንግተኖቹ ጠበቃ ይዛ ወረቀቷን በወግ በወጉ ታሰናዳ።